ክፉዋ ጠብታ

ባለፈው ሰኔ ለልቅሶ እንጅባራ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ድሮው ሰፈራችን ስገባ አንድ ጎልማሳ ሰው ለአጥር ያዘጋጀውን የባሕር ዛፍ ቋሚ ዘይት ሲቀባ አየሁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ፣ በዱላ ጫፍ ባሰረው ጨርቅ እየነከረ፣ መሬት የሚገባውን ጫፍ ምስጥ እንዳይበላው ያጠቁረዋል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ሽታው ከእርጥቡ አፈር ጋር ተደባልቆ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ አፍንጫውን ያዘ። እኔ «እዚህ ጋ አውርደኝ» አልኩት። ልቅሶ ቤቱ ገና ሩቅ ነበር። ጭቃው ላይ ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። ሰውየው ዱላውን አስቀምጦ «እግዜር ያጥናሽ፣ እቴ» አለኝ። የመጣሁለትን ሟች የማለቅስ መስሎታል፤ ምን ያድርግ።

ያለቀስኩት ለአያቴ ነው። አያቴ የተቀበሩት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ የጠፉብኝ ግን ከመቀበራቸውም በፊት፣ አራተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት በዋልኩበት ክረምት ነው። በዚያ ክረምት የቤታችን ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ አባባ ስሜነህ ከሥራቸው ጋር ይቆያሉ ወይስ አይቆዩም። በቤታችን ከልጅ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባባ የአባቴ አባት ናቸው። ከአዘና ገጠር ወጥተው ዳንግላ አንድ መካኒክ ዘንድ ተቀጥረው ሙያውን ተማሩ። አማርኛውንም እዚያው ከሙያው ጋር ነው የለመዱት። ስለዚህ የመኪናውን ነገር ሁሉ በአማርኛ፣ የእህሉንና የከብቱን ነገር በአዊኛ ነበር የሚናገሩት። እናቴ የደብረ ማርቆስ ልጅ ስለሆነች ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ እኔ ከአዊኛ የማውቀው ሰላምታና ስድብ ብቻ ነበር። ከሁለቱ ደግሞ ስድቡን አጣርቼ ነው የማውቀው።

ከቤታችን ጀርባ ዳገታማ ግቢ ነበረን። አባባ ዘይት ሊቀይሩለት የመጣውን መኪና ሁሉ እዚያ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርገው ያቆሙታል። ዘይቱ የሚወርድባት ቡሎን ያለችው ከሞተሩ ሆድ በስተኋላ ስለሆነ ዘይቱ ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባል። ከዚያ በፊት ግን ሾፌሩን ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ነድቶ እንዲመለስ ይልኩታል። የእኛ አገር ብርድ ዘይቱን እንዳደረ ሽሮ ያረጋዋልና ሞተሩ ሳይሞቅ አይነኩትም። መኪናው ሲመለስ በላይ ያለውን የዘይት ክዳን ይከፍታሉ፣ ጋቢያቸውን ለኔ ይሰጡኛል፣ ሥር ይገቡና ቡሎኗን ይፈታሉ። ጥቁሩ ዘይት ትኩስ ትኩሱን ቆርቆሮው ውስጥ ይንዶለዶላል። ቆይቶ እንደ ክር ይቀጥናል። ከዚያ መንጠብጠብ ይጀምራል፤ የአባባ ሥራ የሚጀምረውም ያኔ ነው። ሥራው መቀመጥ ነበር።

«አያ ስሜነህ፣ አልቆ የለም እንዴ?» ይላል ሾፌሩ፤ ገበያ ሊያመልጠው ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ቁጭ በል።»

«ይቺ ጠብታ ምን ታመጣለች ብለው ነው?»

«ናፍጣ ጥላሸቱ ብዙ ነው። ወፍራሙ፣ ብረት የሚበላው፣ ታች ተኝቶ ነው የሚቆይ። እሱ ሳይወጣ አዲሱን ብትጨምርበት አዲሱንም ያጠቁረዋል። ክፉዋ ጠብታ መጨረሻ ላይ ነው የምትወጣ።»

እኔ ይህን ቃል በቃል ነበር የማምነው። በያንዳንዱ መኪና ሆድ ውስጥ የተደበቀች አንዲት ክፉ ጠብታ አለች፤ ቀድመው የሚወጡት ደህናዎቹ ናቸው፤ እሷ ሰው እስኪሰለች ጠብቃ ትቀራለች። በሆዴ ተኝቼ እንዳላመልጣት አያታለሁ። ሁሉም ጠብታ አንድ ዓይነት ስለሚሆንብኝ አባባ እንዴት እንደሚለዩዋት ይገርመኝ ነበር።

የሚለዩት በጸሎት ነው። ሰዓት አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸውም አያምኑትም። «በሁለት ጠብታ መሀል አባታችን ሆይ ተጀምሮ ካለቀ በቃ ነው» ይሉ ነበር። አንድ ጠብታ ጠብ ሲል ይጀምራሉ። ሳይጨርሱ ሌላ ጠብ ካለ ያቋርጡና እንደገና ይጀምራሉ። አንድም ጠብ ሳይል እስከ አሜን ከደረሱ ይነሳሉ፣ ቡሎኗን በጨርቅ ጠርገው ይመልሳሉ፣ አዲሱን ዘይት ይሞላሉ። በእንጅባራ ዘይት ያንጠፈጠፈ ሰው ሞልቷል፤ እየጸለየ ያንጠፈጠፈ ግን እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው።

የተንጠፈጠፈው ዘይት አይደፋም። ቤት የሚሠራ፣ አጥር የሚያጥር ሁሉ ለቋሚው ይፈልገዋል። በዚያ ክረምት ተራ የያዙት እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ ለልጃቸው ከኛ ቤት በታች ጎጆ ሊያቆሙለት ነው። ጀሪካናቸውን ይዘው ይመጡና ከአባባ ጎን ይቀመጣሉ፣ እሳቸውም ጠብታውን ያያሉ።

ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ የአባባ መቀመጥ ረዘመ። ጠዋት የገባ መኪና እኩለ ቀን ድረስ ይንጠባጠባል። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ጸሎቱን እሰማለሁ። የዕለት እንጀራ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ጠብታ ግን ጠብ አላለም። እኔ እያየሁት ጠብ አላለም። ለምን እንደሚደግሙት አልጠየቅኳቸውም። የያዝኩት ምክንያት ነበረኝ፤ ክፉዋ ጠብታ በዚህ ዓመት ብሶባታል፣ አንድ ጸሎት አይበቃትም።

ሰዉም እንደኔ ነበር የተረዳው። «አያ ስሜነህ ዘንድ መኪና ስትሰጥ ስንቅህን ይዘህ ና» እያለ ይስቃል። እትዬ ጥሩወርቅ «እሳቸው ሲያንጠፈጥፉ ጠብ አይቀርም፤ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል» ይላሉ። አባባ በእጃቸው የያዙትን ቁልፍ ሲፈልጉ ግቢው ሁሉ ይስቃል። አንድ ቀን ጫማቸውን አዛውረው አድርገው መጡና እኔ ፍርፍር ብዬ ሳቅሁ፤ እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ። ከዚያ ጀምሮ ብርቄ ማለት ትተው በሞተች እህታቸው ስም ይጠሩኝ ጀመር። የፍቅር ስም ያወጡልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እኛም ሳቅን።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ድንች እየላጠች ለአባቴ ስትናገር ሰማሁ።

«ይቁም በቃ። አንድ ቀን ሰው ላይ ጉዳት ያመጣሉ።»

«ሥራውን ካስቆምኳቸው ምን ይቀራቸዋል?» አለ አባቴ።

«እኛ አለን። ልጅቷ አለች።»

«ስማችንን እያሳሳቱ? ከመኪናው ሥር ሲገቡ ብቻ ነው አሁን ራሳቸውን የሚሆኑት። እጃቸው አልረሳም። እጃቸው እስኪረሳ ተያቸው።»

እናቴ ድንቿን መላጥ ቀጠለች። እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር አባባ ስለሚዘገዩ ሊያባርሯቸው መሆኑ ነው፤ ሁለቱንም ጠላኋቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባባ ጸሎቱ መሀል ዝም ሲሉ ቀጣዩን ቃል ቀስ ብዬ አስጀምራቸው ነበር። እሳቸው ይይዙልኝና ይቀጥላሉ። ቶሎ እንዲጨርሱና እንዳይባረሩ ነው። ለጥቂት ጊዜ ሠራ። መኪናዎቹ ቶሎ ቶሎ መውጣት ጀመሩ፤ አባቴም ፊቱ ፈታ አለ።

አባቴ ሾፌር ነው። ቅጥቅጥ የምንላት ትንሽ አውቶቡስ ነበረችው፤ የእኛ ቤት የሚኖረው በሷ ነው፤ ከእንጅባራ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ሰው ታመላልሳለች። የሷን ዘይት ከአባባ በቀር ማንም ነክቶ አያውቅም። ነሐሴ ውስጥ፣ በግምጃ ቤት ገበያ ቀን፣ ገና በጠዋት አባቴ አሙቋት መጣና ዳገቱ ላይ አቆማት። አባባ ቡሎኗን ፈቱ። ዘይቱ ገና እንደ ክር ሳይቀጥን ዕድሩ አባቴን ጠራው፤ ጎረቤት ሞቶ ኖሮ መቃብር ቆፋሪ ጎድሏል። እናቴም ለቅሶ ቤት ልትረዳ ስትወጣ እኔን ውሃ ቅጂ ብላ ይዛኝ ሄደች። አባባ ብቻቸውን ቀሩ።

በዚያ ሰዓት የሆነውን ማንም አላየውም። ግን አውቀዋለሁ፤ አብሬያቸው ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ። የዕለት እንጀራ ላይ ደርሰው ዝም አሉ። የሚያስጀምራቸው አልነበረም። ደጋግመው ጀመሩት። በመጨረሻ ዝናብ መጣ። ዝናቡ ሲመጣ ተነሱ፣ ቡሎኗን ጠርገው መለሱ፣ አጠበቁ፣ የላይኛውን ክዳን ዘጉ፣ ኮፈኑን አወረዱ፣ እጃቸውን በናፍጣ ታጠቡ። ሁሉንም በተራው አደረጉ። አዲሱን ዘይት ብቻ አልጨመሩም።

አባቴ ሲመለስ እኔም ውሃዬን ይዤ ደርሻለሁ። ገበያተኛው አስፋልቱ ዳር ዝናብ እየመታው ይጠብቃል።

«አለቀ አባ?»

«አለቀ። ጠብ አልቀረባትም» አሉ አባባ።

እውነታቸውን ነበር። አባቴ መሪውን ሲይዝ ልማዱ ነበር፤ አስቀድሞ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያዋን ስቦ ያያል። ያን ቀን እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊቱ ቆመዋል፣ ጨርሰው የሠሩ ሰው ኩራት አላቸው። አባቴ እጁን አነሳ። ኋላ ለእናቴ እንደነገራት፣ መለኪያዋን ስቦ ማየት አባቱን ፊት ለፊት ረስተዋል ማለት ሆነበት። ዘይት ሲጎድል የምታስጠነቅቀው መብራትም ከተበላሸች ቆይታለች። አስነስቶ ሄደ።

ቅጥቅጧ ገና የመጀመሪያውን ዳገት ሳትጨርስ ጮኻ ቆመች። ሞተሩ ደርቆ ተጣብቋል። በሌላ መኪና ተጎትታ ስትመለስ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። የብረቱ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አባባ ሰዉን ገፍተው ገቡ፣ ኮፈኑን ከፈቱ፣ መለኪያዋን ሳቡ። ደረቅ ነች። አገላብጠው አዩዋት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩና በሰው ሁሉ ፊት ተቆጡ።

«ዘይት ሳታይ ታስነሳለህ? ስንት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩህ ይህን ነው? አንተ ሾፌር ነህ?»

አባቴ ጸጉሩ ላይ የመቃብሩ አፈር እንዳለ ነበር። ቀና ብሎ አያቸው። እኔ ለራሱ እንዲከራከር ጠበቅሁ፤ እንደማንም አባት ቁጡ ነውና።

«አጥፍቻለሁ፣ አባ» አለ። «ሳላይ አስነሳኋት።»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ያ አነጋገር ከተማውን ዞረ፤ እገሌ ዘይት ሳይሞላ የገዛ መኪናውን አቃጠለ ተባለ። መኪናውን አምኖ የሚሰጠው አልተገኘም። እኔም አኮረፍኩት። አባባን የመሰለ ሰው ደክሞ ያንጠፈጠፈላትን መኪና ገደላት ብዬ፣ ራት ሲያጎርሰኝ አፌን ዘጋሁ።

በማግስቱ ከግድግዳው ሥር፣ ዝናብ እንዳይነካው ጆንያ ለብሶ፣ የአዲሱን ዘይት ጀሪካን አገኘሁት። ክዳኑ እንደታሸገ ነው። ያገኘሁት ነገር አባቴን የሚያስደስት መስሎኝ እየጎተትኩ ወሰድኩለት። ጀሪካኑን አየ፣ እኔን አየ።

«መልሰሽ አስቀምጪው» አለኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ። በተለይ ለሳቸው።»

ያኔ ገባኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ጸሎቱ፣ ጫማው፣ የእህታቸው ስም። ከዚያ በፊት ፈርቼ አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል፤ ጅብም መብረቅም የልጅ ፍርሃት ነው። ቤት ውስጥ አብሮን የሚበላ ሰው እያየነው ሊሄድ እንደሚችል፣ የሚይዘውም እንደሌለ ያወቅኩት ያን ጠዋት ነው።

ቅጥቅጧ ከዳገቱ አልተነሳችም። አባቴ እየዞረ የቀን ሥራ ጀመረ። ደንበኞች ሲመጡ «አባ ትንሽ አረፍ ይበሉ» እያለ ይመልሳቸዋል። አባባ ግን ጠዋት ጠዋት ሥራ እንዳለባቸው ይነሳሉ፤ ሌላ ባዶ ቆርቆሮ ይዘው ከቅጥቅጧ ሥር ይገባሉ፣ ቡሎኗን ይፈታሉ፣ ይጠብቃሉ። ምንም አይወርድም። መጀመሪያ ቀን «ዘይቷ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። በማግስቱም ጠየቁ። በሦስተኛው ጠዋት ጣታቸውን ቀዳዳዋ ውስጥ ከትተው፣ ደረቅ ጣታቸውን አውጥተው እያዩ አለቀሱ። ሽማግሌ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ድምፅ የለውም።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ቤት አልገባም። በቀጥታ ወደ ግቢው ዞረ። ያንን የተቃጠለ ዘይት፣ ያን ቀን ከቅጥቅጧ የወረደውን፣ ከቆርቆሮው ቀድቶ በላይኛው ክዳን መልሶ ጨመረላት። ሞተሩ ሞቷል፤ ለሞተ ሞተር ነው የሚጨምረው። ቡሎኗን አጥብቆ እጁን ሳይታጠብ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በማግስቱ ጠዋት አባባ ሲፈቷት ዘይቱ ወረደ። ስላልሞቀ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ወረደ። አባባ ተደላድለው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ተመለሰ። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ጸሎቱን አስጀምራቸው ነበር።

ይህ እስከ ጳጉሜን ቀጠለ። ጠዋት ያወርዳሉ፣ ማታ አባቴ ይመልሳል። ዘይቱ ውኃ እየገባበት፣ አቧራ እየገባበት ያው ዘይት ነው። እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ቀን ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ፤ ለቋሚው ብለው። አባቴ «ገና ነው እትዬ» አላቸው። እሳቸው ቆርቆሮውን አዩ፣ የሞተችውን ቅጥቅጥ አዩ፣ ከሥሯ የተቀመጡትን አባባን አዩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተመለሱ። የልጃቸው ጎጆ ቋሚዎች ሳይቀቡ ተደግፈው ቆዩ። ማንንም አላስቸኮሉም።

አባባ በዚያ ሰሞን አማርኛውን እየተዉት መጡ። መጀመሪያ የዕቃዎቹ ስም ጠፋባቸው፤ ቡሎን፣ ፊልትሮ። በመጨረሻ የቀራቸው በልጅነታቸው የያዙት አዊኛ ብቻ ሆነ። ያኔ ከኔ ጋር መነጋገር አቃተን። ጸሎቱን ሳስጀምራቸው እንግዳ ሰው እንደሚያወራቸው ዓይነት በትሕትና ያዩኛል እንጂ አይቀበሉኝም። ብቻዬን እጨርሰዋለሁ።

ትምህርት ሊከፈት ሲል አንድ ጠዋት፣ አባቴ ሥራ ሳይወጣ፣ አባባ ቡሎኗን ለመፍታት ቁልፉን ያዙ። ቁልፉ ቡሎኗ ላይ አልገጠመላቸውም። ሞከሩ፤ እጃቸው አላወቀውም። አባቴ ከደረጃው ወርዶ ሥር ገባና ፈታላቸው። ዘይቱ ቆርቆሮው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ሦስታችንም ተቀመጥን። አባባ ለረጅም ጊዜ ጠብታውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው በአዊኛ ረጋ ብለው አንድ ነገር ጠየቁት።

አባቴ መሬት መሬቱን አየ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ምን እየጠበቅን ነው፣ አሉ።»

መለሰላቸው፤ እሱም በአዊኛ ነው። ረጅም ነበር የተናገረው፤ እሳቸውም ሕፃን ተረት እንደሚሰማ ሆነው ሰሙት። ምን እንዳላቸው አልጠየቅሁትም። በኋላም አልጠየቅሁትም። ጋቢያቸውን አልብሶ፣ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቤት አስገባቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ግቢው ወጥተው አያውቁም።

ማታ አባቴ ዘይቱን አልመለሰም። ቆርቆሮውን አንስቶ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ወረደ፤ ቋሚዎቹን አንድ ላይ ሆነው ሲቀቡ ሽታው እኛ ቤት ድረስ መጣ። እናቴ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ደብተሬን ይዤ ለትምህርት ስወጣ በግቢው አለፍኩ። ቡሎኗ እንደተፈታች ነው፣ ማንም አልመለሳትም። ከቀዳዳዋ ሥር ተንበረከክሁና አፏን ጠርጌ አባታችን ሆይን ጀመርኩ። በቀስታ ነው ያልኩት፤ ቃል ላለመዝለል። የዕለት እንጀራ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ቀጠልኩ። እስከ አሜን ደረስኩ። አንድም ጠብታ ጠብ አላለም።